ላጲስ ያጣችው አይጥ፦ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ጥገና ላይ አንድ የጉዳይ ጥናት

አይጧ ገና ስድስት ወሯ ነው። ጤነኛ የላቦራቶሪ አይጥ በዚህ ዕድሜዋ ጸጉሯ ወዛም ነው፣ ለመያዝ ታስቸግራለች፣ ትወልዳለች፣ ታሳድጋለች። ከፊቷም ገና ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ዕድሜ አላት። ይቺኛዋ ግን ጀርባዋ ጎብጧል። ጸጉሯ ሳስቶ ቆዳዋ ይታያል። ክብደቷ እየቀነሰ ነው፤ ከቆዳዋ ስር የነበረው ስብም እያለቀ ነው። ስትመረመር ደም ማነስ አለባት፣ አጥንቷ ሳስቷል፣ ልቧ ከመጠኑ በላይ ተልቋል። ልጅ የመውለድ አቅሟም ተዳክሟል። አሮጊት ናት፤ በስድስት ወሯ።

ከእሷ ጋር የተወለዱት ተመሳሳይ አይጦች ግማሽ ያህሉ 48 ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። ከ61 ሳምንት ያለፈ አንድም አልተገኘም።

አልተመረዘችም፣ ጨረር አልነካትም፣ ምግብም አልጎደለባትም። የተደረገው ነገር አንድ ብቻ ነው። ከአንድ ፕሮቲን ውስጥ አንዲት አሚኖ አሲድ ተቀየረች። 257ኛዋ ቦታ ላይ የነበረው አስፓርቲክ አሲድ ወጥቶ በምትኩ አላኒን ገባ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስራው የተሰራው ስዊድን ውስጥ፣ በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት፣ በኒልስ-ጎራን ላርሶን ቡድን ነው። ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን ቀዳሚዋ ጸሐፊ አሌክሳንድራ ትሪፉኖቪች ናት። ስለ ሚቶኮንድሪያ ጥገና ማውራት ሲነሳ አብዛኛው ሰው ከኢንዛይሞች ስም ዝርዝር ይጀምራል። እኔ ከዚች አይጥ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ጥገናው ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ካየን በኋላ ጥገናው ምን እንደሆነ በደንብ ይገባናል።

የትኛው ዲኤንኤ?

ሴል ዲኤንኤ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሁለት ነው። ትልቁ መዝገብ ኒውክለስ ውስጥ አለ። ትንሹ ደግሞ ኃይል በሚመረትበት በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። የሰው ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 16,569 ጥንድ ፊደላት ያሉት ክብ ገመድ ነው። 37 ጂኖች ብቻ ይዟል። ከነዚህ 13ቱ ኃይል ለማመንጨት የግድ የሚያስፈልጉ ፕሮቲኖችን ያሰራሉ፤ የቀሩት 24ቱ ደግሞ እነዚያን ፕሮቲኖች ለመገጣጠም የሚያገለግሉ አርኤንኤዎችን ይሰጣሉ። አላስፈላጊ ተብሎ የሚጣል ገጽ የለውም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ይህ ገመድ በአንድ ሴል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ብቻ አይደለም። እንደ ሴሉ ዓይነት ከመቶዎች እስከ ሺዎች ይደርሳል። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ሚቶኮንድሪያ የራሱን ዲኤንኤ የሚጠግንበት መሳሪያ በራሱ ዲኤንኤ ላይ አልተጻፈም። አንድም የጥገና ጂን የለውም። ጠጋኞቹ በሙሉ ኒውክለስ ውስጥ ባለው መዝገብ ይታዘዛሉ፣ ውጭ ይሰራሉ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ቤቱ ውስጥ የሚሰራው ባለሙያ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው።

እነዚህ ባለሙያዎች ሁሉንም ጉዳት መጠገን አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ1974 ዴቪድ ክሌይተን፣ ጃኪ ዶዳ እና ኤሮል ፍሪድበርግ ሴሎችን በአልትራቫዮሌት ጨረር መቱና ጉዳቱን ተከታተሉ። ጨረሩ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ፊደላትን ያጣብቃል። ኒውክለስ ይህንን ቆርጦ ያወጣል። ሚቶኮንድሪያ ግን አላወጣውም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ «ሚቶኮንድሪያ ጥገና አያውቅም» የሚል እምነት ተስፋፋ። ከአንድ የጉዳት ዓይነት ተነስቶ ስለ ሁሉም መደምደም ነበር፤ ትክክል አልነበረም።

ምክንያቱም ሚቶኮንድሪያ ትናንሽ ጉዳቶችን ይጠግናል። ቅርብ ብለን እንየው። ጉዋኒን የተባለው ፊደል ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል። ኦጂጂ-1 የሚባል ኢንዛይም ገመዱን እየዳበሰ ይሄዳል። የተበላሸውን ጉዋኒን ሲያገኝ ፊደሉን ብቻ ነቅሎ ያወጣል፤ የገመዱ ጀርባ እንዳለ ይቀራል። ቀጥሎ ኤፒኢ-1 ይመጣና ባዶው ቦታ ላይ ገመዱን ይሰነጥቃል። ፖሊመሬዝ ጋማ ትክክለኛውን ፊደል ይሞላል። በመጨረሻ ላይጌዝ-3 ስንጥቁን ይሰፋዋል። አራት ባለሙያ፣ አንዲት ፊደል።

ከአራቱ ሦስተኛውን፣ ፖሊመሬዝ ጋማን፣ ያዙልኝ። አይጧ ውስጥ የተነካው እሱ ነው።

ላጲሱ

ፖሊመሬዝ ጋማ ዋና ስራው ጥገና አይደለም። ዋና ስራው መገልበጥ ነው። የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሲባዛ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር የሚገለብጠው እሱ ነው። በአንድ በኩል እስክሪብቶ አለው፣ ፊደል ይጨምራል። በሌላ በኩል ላጲስ አለው፣ የጨመረውን ያጠፋል። ሁለቱ በአንዱ ፕሮቲን ላይ፣ ትንሽ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው።

ሲሰራ እንዲህ ነው። እናት ገመዱ ላይ ጉዋኒን አለ። ትይዩው ሳይቶሲን መሆን አለበት። ተሳስቶ ታይሚን ገባ እንበል። ጉዋኒንና ታይሚን ሲገጥሙ ትንሽ ይንጋደዳሉ። አዲሱ ገመድ ጫፉ ላይ ይላላል። እስክሪብቶው ቀጣዩን ፊደል ለመጨመር ይቸገራል፣ ይዘገያል። በዚች መዘግየት ውስጥ የላላው ጫፍ ተንሸራቶ ወደ ላጲሱ ይገባል። ላጲሱ የተሳሳተውን ፊደል ቆርጦ ይጥላል። ጫፉ ወደ እስክሪብቶው ይመለሳል። ስራው ይቀጥላል።

257ኛዋ አሚኖ አሲድ የምትገኘው ላጲሱ መሃል ላይ ነው። ለመቁረጥ የሚያስፈልገውን የማግኒዥየም አዮን ይዘው ከሚያቆሙት አንዷ እሷ ናት። እሷ ስትነሳ ላጲሱ ይደነዝዛል። እስክሪብቶው ግን ጤነኛ ነው፤ እንደ ድሮው መጻፉን ይቀጥላል። የሙከራው ብልሃት እዚህ ላይ ነው ያለው። ቅጂው አልቆመም፣ ፍጥነቱም እምብዛም አልተነካም። የጠፋው እርማቱ ብቻ ነው።

ስህተቱ ካልታረመስ? የሚያሳዝነኝ ይኸኛው ነው። በሚቀጥለው ዙር ያ የተሳሳተ ታይሚን ራሱ እናት ገመድ ይሆናል። ትይዩው አዴኒን ይገባል። አሁን ሁለቱም ገመዶች ይስማማሉ። የተንጋደደ ነገር የለም፣ የተበላሸ ፊደል የለም። ኦጂጂ-1 ዳብሶት ያልፋል። ሐሰት ሁለት ምስክር አግኝቷል፤ ከእንግዲህ ማንም ጠጋኝ አያውቀውም። ከዚህ በኋላ ስሙ ጉዳት ሳይሆን ሚውቴሽን ነው። ኒውክለስ ውስጥ ቢሆን ቅጂው እንዳለፈ ከኋላ ተከትሎ እንዲህ ያለውን የሚለቅም ሌላ ጠንካራ ቡድን አለ። ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያ ቡድን በዚያ መልኩ የለም። ስለዚህ ላጲሱ ላይ የሚጣለው አደራ ከባድ ነው።

አይጦቹ ተመረመሩ። የፊደል ስህተቶች ከጤነኞቹ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ በዝተው ተገኙ። ከነዚህ ጋር ሌላ እንግዳ ነገርም ታየ፤ ክብ መሆን ሲገባው ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ ከፊሉ የጎደለ ዲኤንኤ። በወቅቱ ብዙ ትኩረት ያገኘው የፊደል ስህተቱ ነበር።

ጣት የተቀሰረበት ኦክስጅን

የዚህ ጉዳይ ክብደት እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ዴንሃም ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1956 እርጅና የሚመጣው ከፍሪ ራዲካሎች፣ ማለትም ያገኙትን ሁሉ ከሚያበላሹ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎች ነው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በ1972 ደግሞ ሐሳቡን ወደ ሚቶኮንድሪያ አዞረው። አመክንዮው ቀላልና ማራኪ ነው። ሚቶኮንድሪያ ኦክስጅን ያቃጥላል። ሲያቃጥል ፍሪ ራዲካል ያመልጣል። ዲኤንኤው እዚያው እሳቱ አጠገብ ተቀምጧል። ይጎዳል። የተጎዳ ዲኤንኤ የተበላሸ የኃይል ማሽን ያሰራል። የተበላሸ ማሽን የባሰ ፍሪ ራዲካል ያፈሳል። የባሰ ጉዳት፣ የባሰ ማሽን። ሽክርክሪቱ እየፈጠነ ሄዶ መጨረሻው እርጅና ነው።

እኔም ትምህርት ላይ እያለሁ እንደ እውነት የያዝኩት ይህንን ነበር። አስተማሪ ሰሌዳው ላይ ክብ ቀስት ይስላል፣ እኛ ደብተራችን ላይ እንገለብጣለን። በጣም ስለሚያሳምን «ማስረጃውስ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አይጧ ይህንን መፈተኛ ሆነች። ሽክርክሪቱ እውነት ከሆነ ሚውቴሽን ሆን ተብሎ በበዛበት እንስሳ ውስጥ ሁለት ነገር መታየት አለበት። ፍሪ ራዲካሉ መጨመር አለበት። ሚውቴሽኑም በዕድሜ እየፈጠነ መቆለል አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2005 መልሱ መጣ። የላርሶን ቡድን የአይጦቹን ሴሎች ወስዶ ለካ። የኃይል ምርቱ በጣም ወድቋል። ፍሪ ራዲካሉ ግን አልጨመረም። ሚውቴሽኑም እየፈጠነ አልሄደም፤ ከጽንስ ጊዜ ጀምሮ በአንድ ዓይነት እርምጃ ቀስ እያለ ነበር የሚጠራቀመው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የቶማስ ፕሮላ ቡድን ለብቻው የሰራቸው፣ ያቺኑ 257ኛዋን ቦታ የተነኩ አይጦች ውጤት ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። አይጦቹ ያለ ዕድሜያቸው አረጁ። የኦክስጅን ጉዳት ምልክት ሲፈለግ ግን ከጤነኞቹ የተለየ አልነበረም። በምትኩ የታየው ሴሎች ራሳቸውን የሚያጠፉበት ሂደት መበርታቱ ነው።

ሁለት ቡድን፣ ሁለት አገር፣ አንድ ውጤት። ሽክርክሪቱ አልተሽከረከረም።

የስህተቶቹ ዓይነት ራሱ የሚናገረው አለ። ኦክስጅን ያበላሸው ጉዋኒን በቅጂ ጊዜ አዴኒንን ያታልላል፤ ስለዚህ የሚተወው ፋና ጉዋኒን ወደ ታይሚን መቀየር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ከላውረንስ ሎብ ቤተ ሙከራ የወጣ ጥናት የሰዎችን አንጎል በጣም ጥራት ባለው የንባብ ዘዴ መረመረ። ከዕድሜ ጋር ሚውቴሽን ጨምሯል። የኦክስጅኑ ፋና ግን ዋነኛ አልነበረም። የበዛው የቅጂ ስህተትና የሳይቶሲን መበላሸት የሚተዉት ዓይነት ነው።

ይህ ማለት ኦክስጅን ዲኤንኤን አይጎዳም ማለት አይደለም። ይጎዳል። ግን ያንን ጉዳት የሚነቅሉት አራቱ ባለሙያዎች ስራቸውን በደንብ ይሰራሉ። ከነሱ እጅ የሚያመልጠው ሲገለበጥ የገባውና ሁለት ምስክር ያገኘው ነው። የዚህ ጉዳይ ትልቁ ነጥብ ለእኔ ይኸው ነው። ሚቶኮንድሪያ ላይ ወሳኙ ጥገና ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚመጣው ሳይሆን ገና እየተጻፈ እያለ የሚደረገው ነው።

ተቃውሞው

ጉዳዩ በዚህ አልተዘጋም፤ ተገቢ ጥያቄም ተነሳ። ያው የሎብ ቤተ ሙከራ በ2007 ላጲሳቸው ግማሽ የሆነ፣ ማለትም ከእናትና ከአባት ከመጡት ሁለት ጂኖች አንዱ ብቻ የተነካ አይጦችን መረመረ። የፊደል ስህተታቸው ከጤነኞቹ በአምስት መቶ እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኘ (የመለኪያ ዘዴው ከ2004ቱ የተለየ ስለሆነ ይህ ቁጥር ከዚያኛው «ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ» ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም)። ግን ያለ ዕድሜያቸው አላረጁም። ታዲያ የፊደል ስህተት ብቻውን የሚያስረጅ ከሆነ እነዚህስ እንዴት አመለጡ?

የብዙ ቅጂዎችን ነገር ልብ በሉ ያልኩት ለዚህ ነው። በአንድ ሴል ውስጥ ሺህ ቅጂ ካለና ስህተቱ በአንዱ ላይ ብቻ ከሆነ 999ኙ ይሸፍኑታል። ጉዳት የሚታየው የተበላሹት ቅጂዎች ድርሻ ከአንድ ደረጃ ሲያልፍ ነው። ሚቶኮንድሪያ ይህን ያህል ስህተት ተሸክሞ የሚኖረው ለዚህ ነው። በእኔ እምነት ተቃውሞው ትክክለኛ ነው። አይጧ ያረጋገጠችው ሚውቴሽን በበቂ መጠን ከተከመረ የእርጅና መልክ ያለው ውድቀት ሊያመጣ እንደሚችል ነው። የኔና የእናንተ እርጅና በዚሁ መንገድ ይመጣል ማለት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል አይገባም።

ሁለት ተከታይ ውጤቶች ግን ሳልጠቅሳቸው አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2011 ካናዳ ውስጥ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እነዚህን አይጦች በሩጫ ማሽን ላይ አሮጧቸው። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ፣ ለአምስት ወር። የሮጡት ጸጉራቸው ደህና ነበር፣ ልባቸውም አልተለጠጠም፤ ቁጭ ብለው የቆዩት ግን እንደተለመደው አረጁ። ላጲሱ ግን በሁለቱም ውስጥ እኩል የደነዘዘ ነው። በ2013 ደግሞ ጤነኛ ላጲስ ያላቸው አይጦች ከእናታቸው የተበላሸ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ብቻ ሲወርሱ ቀለል ያለ ቢሆንም ያለ ዕድሜ የማርጀት ምልክት አሳዩ። የእናት የቅጂ ስህተት ልጅ ላይ ይደርሳል።

ሰው ላይ

ሰውም ፖሊመሬዝ ጋማው ተነክቶ ይወለዳል። የመጀመሪያው ግኝት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የዓይናቸው ቆብ የሚወድቅባቸው፣ ዓይናቸውን ማንቀሳቀስ የሚያቅታቸው የቤተሰብ አባላት ውስጥ ነበር የተገኘው። ሕፃናት ላይ ሲከፋ የማይቆም የሚጥል በሽታና የጉበት ውድቀት ያመጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ይህ ችግር ያለበት ሰው ቫልፕሮይክ አሲድ የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት መውሰድ የለበትም፤ ጉበቱን ሊያጠፋበት ይችላል። መንስኤው ያልታወቀ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ላይ፣ በተለይ የጉበት ምልክት ካለ፣ ሐኪም ይህን መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ስለ ፖሊመሬዝ ጋማ ማሰብ ይኖርበታል።

ሕመምተኞቹ ግን የአይጧ ቅጂ አይደሉም። ብዙዎቹ ላይ የተነካው ላጲሱ ሳይሆን የኢንዛይሙ ሌላ ክፍል ነው። ሴሎቻቸው ውስጥ የሚታየውም ከፊሉ የተቆረጠ ወይም ቁጥሩ የመነመነ ዲኤንኤ ነው።

ያ የተዘረጋ ገመድ

አሁን ወደዚያ በ2004 ብዙም ትኩረት ወዳላገኘው ነገር እንመለስ። ክብ ያልሆነው ዲኤንኤ። ርዝመቱ በግምት 12 ሺህ ፊደል፤ ከሙሉው ክብ ሩብ ያህሉ የለም። ከየት መጣ? ከመጣ በኋላስ ለምን አልጠፋም?

የመጀመሪያው መልስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ስዊድን ውስጥ ጎተንበርግ ነው። ፖሊመሬዝ ጋማ ክቡን ዞሮ ሲጨርስ መነሻው ላይ ይደርሳል። እዚያ ጋ መቆም አለበት፣ ላይጌዝ-3 ሁለቱን ጫፎች እንዲሰፋቸው። ትንሽ ካለፈ ጫፎቹ ይደራረባሉ፣ አይሰፉም። ጤነኛው ኢንዛይም አንድ ሁለት ፊደል ያልፍና በላጲሱ መልሶ ያጠፋል፤ ወደፊት ወደኋላ እያለ ልኩ ላይ ይቆያል። ላጲስ የሌለው ግን ወደኋላ መመለስ አይችልም። አልፎ ይሄዳል። ጫፉ ሳይሰፋ ክፍት ይቀራል። በሚቀጥለው ቅጂ ጊዜ ክቡ እዚያ ላይ ይበጠሳል፣ ገመዱም ተዘርግቶ ይቀራል።

ሁለተኛው መልስ በ2018 መጣ፤ አንዱ ከቦን፣ ሌላው ከማያሚ። ተመራማሪዎቹ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤን ሆን ብለው በመቁረጫ ኢንዛይም በጠሱት። ኒውክለስ ቢሆን የተበጠሰውን ለመቀጠል ይሯሯጣል። ሚቶኮንድሪያ ግን አልሞከረም ማለት ይቻላል። የተበጠሰው ገመድ በሰዓታት ውስጥ ተበልቶ አለቀ፤ ያልተነኩት ቅጂዎች ተባዝተው ቦታውን ያዙ። ሺህ ቅጂ ላለው መጣል ከመጠገን ይቀላል። ከዚያ ማን እንደሚበላው ተፈለገ። ዋነኛው በይ ያው ላጲስ ሆኖ ተገኘ። እሱ በደነዘዘባቸው ሴሎች ውስጥ የተበጠሰው ገመድ ሳይጠፋ ቆየ።

በ2004 የታየው ገመድ ያልጠፋው ለዚህ ነው። ላጲስ የሌለው ኢንዛይም ሳይሰፋ የተወው ክብ ተበጠሰ፤ የተበጠሰውን መብላት የነበረበትም ያው የደነዘዘው ላጲስ ነበር።